«ሰው ሞልቷል»

ከመሥሪያ ቤቶቻችን ቋንቋ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አውጥተህ ጣል ብባል የትኛውን እንደምጥል አውቃለሁ። «ሰው ሞልቷል» የሚለውን።

ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮዬ የሰማሁት በጥር 2015 ዓ.ም. በአንድ ስብሰባ ላይ ነው። ከመካከላችን አንጋፋው ፕሮግራመር የመልቀቂያ ደብዳቤውን በዋዜማው አስገብቶ ነበር። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። 32,000 ብር ያገኛል፤ 40,000 ይሁንልኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ፤ ሁለቱንም ጊዜ «በሚቀጥለው በጀት ዓመት እናየዋለን» ተባለ። ሥራ አስኪያጃችን ስለ ደብዳቤው ሲነግሩን አልተቆጡም፣ አላዘኑም። «ለአንድ ሰው ብለን የደመወዝ ስኬል አናፈርስም» አሉ። ከዚያ ወረቀታቸውን እያገላበጡ ያችን ቃል ጨመሩ፦ «ደግሞስ ሰው ሞልቷል።»

ማንም አልተቃወመም። እኔም ጭምር። ከተመረቅሁ ሦስት ዓመት ያልሞላኝ፣ በ24,000 ብር የምሠራ ልጅ ነበርኩ፤ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። እውነትም ሞልቷል እኮ! በየዓመቱ ስንት ሺህ ኢንጂነር ይመረቃል? ማስታወቂያ ሲወጣ የሲቪው ክምር የት ይደርሳል? ቃሉ ልክ ይመስላል። ውሸትነቱ የገባኝ ስምንት ወር ቆይቶ፣ በዕንቁጣጣሽ ጠዋት ነው።

35

ድርጅቱ ለቁጠባና ብድር ማኅበራት ሶፍትዌር ይሠራል። አባላት ይቆጥባሉ፣ ይበደራሉ፣ በየወሩ ይከፍላሉ፤ ሲስተሙ ይመዘግባል፣ ወለድ ያሰላል፣ ባዘገየው ላይ ቅጣት ይጥላል። ሲያዩት ቀላል ነው። ግን ዓመታችን 13 ወር ሲሆን የብድር ክፍያው በዓመት 12 ጊዜ ነው። የጳጉሜን ደመወዝ የለማ! ስለዚህ ደንበኞቻችን የነበሩት ማኅበራት አንድ ልማድ ነበራቸው፤ የነሐሴን ክፍያ እስከ ጳጉሜን ማለቂያ ድረስ ያስገባ አባል አይቀጣም። ይህ በውላችን ላይ አልተጻፈም። የማኅበራቱ ሂሳብ ሠራተኞች ለዚያ ለለቀቀው ልጅ በቃል ነግረውት፣ እሱ ወደ ኮድ የቀየረው ነገር ነው።

በኮዱ ውስጥ የገባችው አንዲት መስመር ናት። የነሐሴ ክፍያ ከወሩ መጀመሪያ አንሥቶ ከ35 ቀን ካለፈ ቅጣት ይጣል ትላለች። 30 የነሐሴ፣ 5 የጳጉሜን። ከጎኗ ምንም ማብራሪያ የለም። 35 ብቻ።

በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ጳጉሜን 6 ቀን እንደምትሆን የሰፈር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ያቺ መስመር ግን አታውቅም። ልጁ በ2011 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ስትሆን ቁጥሯን በእጁ 36 አድርጓት፣ ዓመት በዓሉ ሲያልፍ ወደ 35 መልሷታል። በቋሚነት ሊያስተካክላት አስቦ ነበር። ግን ሌላ ዴድላይን ነበረበት፣ «በኋላ» አለ። ፕሮግራመር ሆኖ «በኋላ» ብሎ ያስቀመጣት ነገር የሌለው ሰው አላውቅም። «በኋላ» ስትደርስ ግን እሱ ሄዷል።

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። ብዙ አባላት ለበዓሉ ገንዘብ ሲያብቃቁ ቆይተው፣ እንደ ልማዳቸው በመጨረሻዋ ቀን ከፈሉ። ሌሊቱን ሲስተሙ ቆጠረ፦ 36 ቀን። ከአራት መቶ በላይ ሰዎች ላይ ቅጣት ጣለ። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ «የመክፈያ ጊዜዎ አልፏል» የሚል መልእክት በየስልካቸው ላከ። ለእነሱ ብቻ ቢልክ ደግ ነበር። ለየዋሶቻቸውም «ዋስ የሆኑላቸው ግለሰብ ክፍያ አዘግይተዋል» ብሎ ላከ።

ስልኬ መጮህ ሲጀምር ቤታችን ውስጥ ቄጠማ ተጎዝጉዞ ቡና እየተፈላ ነበር። ላፕቶፔን ከፍቼ ተቀመጥኩ። የተተኩት ሁለት አዳዲስ ፕሮግራመሮችም ከየቤታቸው ገቡ። ሁለት ቀን ሙሉ ኮዱን አመስነው። ያቺን መስመር ሦስታችንም አይተናታል። 35 ምን ማለት እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም፤ አንደኛው የባንክ መመሪያ መስሎት ሊነካት ፈራ። በሦስተኛው ቀን እፍረታችንን ውጠን ለቀድሞው ልጅ ደወልን። ሦስት ደቂቃ አልፈጀበትም። «ኧረ! ጳጉሜን ስድስት ሆነች እንዴ? ያቺ 35 ናታ!» አለና ሳቀ።

በዚያው ሳምንት ይቅርታ እንድጠይቅ ወደ አንዱ ማኅበር ቢሮ ተላክሁ። ጉሊት አትክልት የሚሸጡ አንዲት እናት ተቀምጠው ጠበቁኝ። ቅጣቱ እንደተሰረዘ፣ ገንዘባቸው እንደተመለሰ አስረዳኋቸው። አዳመጡኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ገንዘቡንስ መለሳችሁልኝ። ዋሴ የባለቤቴ ወንድም ነው። ዳቦ ቆርሶ፣ ሰው ሰብስቦ በተቀመጠበት ነው መልእክታችሁ የደረሰው። እሱንስ በምን ትመልሱልኛላችሁ?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

ሂሳቡ

ከአምስት ኪሎ የወጣሁት በአምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ ነው፤ ንዴቴን ወደ ቁጥር መለወጥ ይቀናኛል። አንድ ማታ ቁጭ ብዬ የዚያን የአንድ ሰው መልቀቅ ወጪ አሰላሁ። የድርጅቱን አንድ ዓመት ከየካቲት 2015 እስከ ጥር 2016 ወስጄ ነው።

የተከለከለው ጭማሪ በወር 8,000፣ በዓመት 96,000 ብር ነው። «የቆጠብነው» የተባለው ይህ ነው።

ቦታው ሁለት ወር ክፍት ሆነ። ለድርጅቱ ልሥራለትና፣ እዚህ ላይ 64,000 ብር ተርፏል። ከዚያ አንድ ልምድ ያለው ሰው ተገኘ። በስንት? በ45,000! ለነባሩ 40,000 ስኬል ያፈርሳል የተባለበት መሥሪያ ቤት፣ ለአዲሱ 45,000 ሲከፍል ስኬሉ አልፈረሰም። ይህ ሰው ሁለት ወር ኮዱን ሲያነብ፣ አንድ ወር ሲሞክር፣ አንድ ወር ሌላ ሥራ ሲፈልግ ቆይቶ በአራተኛው ወር ለቀቀ። የደመወዙ ልዩነት ብቻ 52,000 ብር። ከነሐሴ ጀምሮ በምትኩ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው በ35,000 ተቀጠሩ። አንዱ ይሠራው የነበረውን ሁለት ይሠሩታል፤ የስድስት ወር ልዩነቱ 228,000 ብር። እኔ ደግሞ ለስድስት ወር ያህል የጊዜዬን ሢሶ እነሱን በማስተማር አሳልፌያለሁ፤ ከደመወዜ ሲታሰብ 48,000 ብር ነው። በመጨረሻም ከዕንቁጣጣሹ በኋላ አንዱ ማኅበር ውሉን አላደሰም። ዓመታዊ የጥገና ክፍያው 180,000 ብር ነበር።

የተረፈው ተቀንሶ፣ ድምር 444,000 ብር። 96,000 ለመቆጠብ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው፤ ያውም የፈሰሰው ሁሉ ሳይለቀም። ለቃለ መጠይቅ የባከነውን ሰዓት፣ የዓመት በዓሉን ሁለት ቀን፣ የጉሊቷን እናት ፊት አልቆጠርኩም። ለእነዚያ መለኪያ የለኝም።

ሂሳቡን ለአንድ የፋይናንስ ባለሙያ ወዳጄ አሳየሁት። አልተከራከረኝም። «ልክ ነህ፤ ግን የትኛው የሂሳብ መደብ ላይ ነው የማስገባው?» አለኝ። ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። 8,000ው ጭማሪ ደመወዝ በሚለው ረድፍ ላይ በጉልህ ይታያል፤ የሚያጸድቀው ሰው ፊርማም አለው። 444,000ው ግን በአሥር ቦታ ተበትኖ ነው የወጣው። ጥቂቱ በደመወዝ፣ ጥቂቱ «የገቢ መቀነስ» በሚል፣ ጥቂቱ ጨርሶ ሳይመዘገብ። ማንም ፈርሞ አላወጣውም። ስለዚህ ማንም አይጠየቅበትም።

ዘጠኝ ፊርማ

የለቀቃችሁ ሁሉ ክሊራንስ የሚባለውን ወረቀት ታውቁታላችሁ። የኔው ዘጠኝ ፊርማ ነበረበት። ንብረት ክፍል፦ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ መልሷል? ሂሳብ ክፍል፦ ቅድሚያ ክፍያ አለበት? ጥበቃ፦ የቢሮ ቁልፍና መታወቂያ? ንብረት ክፍሏ ማውሱን ሳይቀር ገልብጣ ቁጥሩን ከመዝገብ ጋር አመሳክራለች። የ400 ብር ማውስ!

ከዘጠኙ ፈራሚዎች አንድም «አንተ ብቻ የምታውቀው ነገር ምንድን ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም። አሥረኛ መስመር የለም። ማውሱ የንብረት ቁጥር ተለጥፎበታል፤ 35 ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ጭንቅላት አልተለጠፈበትም።

የዴንማርኩ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ፒተር ናውር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ተከራክሯል። እሱ እንደሚለው ፕሮግራም ማለት የተጻፈው ኮድ አይደለም፤ ዋናው ነገር ነገሮች ለምን እንደዚያ እንደተሠሩ የሚያውቁት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ያለው ግንዛቤ ነው። ያን የያዘው ቡድን ሲበተን ኮዱ እየሠራም ቢሆን ፕሮግራሙ ሞቷል። ተማሪ ሳለሁ ሳነበው የፍልስፍና ወግ መስሎኝ ነበር። በዕንቁጣጣሽ ጠዋት ገባኝ።

የሄደውን አንድ ሰው በሁለት ብንተካ ለምን አይሞላም? ለዚህ ደግሞ ፍሬድሪክ ብሩክስ አለ። በአይ ቢ ኤም ትልቁን የኦ ኤስ 360 ሥራ መርቶ፣ ካየው ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ሥራውን ይባስ እንደሚያዘገየው አሳየ። አዲሱን የሚያስተምረው ነባሩ ነው፤ ሲያስተምር ደግሞ አይሠራም። በዚያ ላይ መነጋገር የሚኖርባቸው ጥንዶች ይበዛሉ። አምስት ሰዎች መካከል አሥር የመነጋገሪያ መስመር ይኖራል፤ ሰዎቹ አሥር ሲሆኑ መስመሩ 45 ይደርሳል። ሰው እንደ ጤፍ በኪሎ አይሞላም። «ሰው ሞልቷል» የሚለው ቃል ግን ሰውን በኪሎ ነው የሚያየው።

የኛ ብቻ አይደለም

«ይሄ የናንተ የኮምፒውተር ልጆች ቅብጠት ነው» የሚሉኝ አሉ። እንግዲያው ወደ ፋብሪካ እንሂድ።

ሄንሪ ፎርድ የመኪና መገጣጠሚያ መስመሩን በዘረጋ ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1913፣ 14,000 ያህል ሠራተኞችን በቦታቸው ለማቆየት በዚያ ዓመት ከ52,000 በላይ ሰው መቅጠር ነበረበት። ሥራው ተደጋጋሚና አሰልቺ ነው፤ ሰዉ ይገባል፣ ይወጣል። ዲትሮይት ውስጥም ሰው ሞልቶ ነበር። ፎርድ ግን በጥር 1914 የቀን ክፍያውን ወደ አምስት ዶላር፣ በእጥፍ ያህል፣ አሳደገ፤ የሥራ ሰዓቱንም ከዘጠኝ ወደ ስምንት ዝቅ አደረገ። የሚለቀው ሰው ቁጥር አሽቆለቆለ። ፎርድ ጻድቅ አልነበረም፤ አምስት ዶላሩን ለመክፈል የሠራተኛውን የቤት ኑሮ የሚሰልሉ ሰዎች እስከመላክ ደርሷል። ያደረገው በርኅራኄ ሳይሆን በሂሳብ ነው። ራሱም በኋላ ወጪ ከቀነሰባቸው እርምጃዎች እንደ አንዱ አድርጎ ተርኮታል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ሐዋሳ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሪፖርት፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበረና ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን ሙሉ በሙሉ እየተኩ እንደነበር ጽፈዋል። አስቡት፤ ዘንድሮ መርፌ ክር ማስገባት ያስተማርካት ልጅ ለከርሞ የለችም። ዝቅተኛው ደመወዝ ባለሀብት ይስባል ተብሎ ነበር የታሰበው። ግን በ26 ዶላር ቤት ተከራይታ፣ በልታ፣ ለቤተሰብ ልካ መኖር ያቃታት ልጅ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ከዚያ ምን ይባላል? «የሥራ ባህል የላቸውም።»

የኤች አር ሰዎች «ተርንኦቨር» ይሉታል፤ በወረቀት ሲጻፍ «የሠራተኛ ፍልሰት» ይሆናል። ቃሉ ራሱ ያታልላል። ፍልሰት የወፍ ነው። ወቅቱ ሲደርስ ትበራለች፣ ማንም አላባረራትም። ከቢሮ የሚወጣ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከመውጣቱ በፊት ተናግሯል። ጠይቋል፣ ኢሜይል ጽፏል፣ በመጨረሻም ዝም ብሏል። ፈለሰ የሚባለው ዝም ካለ በኋላ ነው።

«በዶላር እኮ አንወዳደርም»

አለቆች የሚያነሡትን ክርክር አልንቅም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ከቤቱ ሆኖ ለውጭ ድርጅት የሚሠራ ልጅ ደመወዙ በብር ሲታይ እንደዘበት እጥፍ ሊሆን ደረሰ፤ የአዲስ አበባ ድርጅት ደግሞ ገቢው በብር ነው። ይህን አልክድም። በዶላር የተወሰደባችሁን ሰው ስላጣችሁ አልወቅሳችሁም።

ግን የዚያ የኔ ባልደረባ ጥያቄ ዶላር አልነበረም። 8,000 ብር ነበር፤ ያውም በ2015፣ ምንዛሪው ሳይለቀቅ። የሄደውም ወደ ሌላ የአዲስ አበባ ድርጅት፣ በታክሲ ሃያ ደቂቃ ወደሚያስኬድ ሰፈር ነው። ከማውቃቸው የለቀቁ ልጆች አብዛኞቹ ታሪካቸው ይህንን ይመስላል። ደጋግሞ ጠይቆ መልስ ያጣ፣ ከእሱ በኋላ የተቀጠረው ከእሱ በላይ እንደሚከፈለው በደመወዝ ወረቀት ስህተት ያወቀ፣ በሰው ፊት የተዘለፈ። ዶላር የመጣው ልባቸው ከወጣ በኋላ ነው።

መልቀቅ ሁሉ ክፉ ነው እያልኩም አይደለም። ሰው ማደግ አለበት፤ መሥሪያ ቤትም አዲስ ዓይን ያስፈልገዋል። አንዳንዱ ሰው ሲሄድ ደግሞ ቢሮው አየር ያገኛል፤ ይህንንም አይቻለሁ። የምጣላው ማን ለምን እንደሚሄድ ሳይጠይቁ፣ ሲሄድ ምን ይዞ እንደሚሄድ ሳይቆጥሩ፣ ሁሉንም በ«ሰው ሞልቷል» መዝጋት ላይ ነው።

ይህን ሳይቆጥሩ የቆዩ ድርጅቶች በመጨረሻ ሲደነግጡ የሚሄዱበትን መንገድም አይተናል። ዋስ ጥራ፣ ሁለት ዓመት ካላገለገልክ ይህን ያህል ትከፍላለህ፣ ኦሪጅናል ዲግሪህን እኛ ጋ አስቀምጥ። ልልቀቅ ሲል ደግሞ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን መከልከል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ አሠሪውን ያስገድዳል፤ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛም የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ መብቱ ነው። ሕጉን እንኳ እንተወው። በዋስ የታሰረ ፕሮግራመር ምን ዓይነት ኮድ የሚጽፍ ይመስላችኋል? ወንበሩ ላይ አለ፣ ጣቱም ይንቀሳቀሳል። ሁለት ዓመቱ የሚያልቅበትን ቀን ግን ከማንኛውም ዴድላይን በላይ ያውቃታል።

እኔስ?

እስካሁን በአለቆች ላይ ጣቴን ቀስሬያለሁ። ወደ ራሴ ካላዞርኩት ግን ጽሑፌ ግማሽ ውሸት ነው።

እኔም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ለቀቅሁ። 30 ቀን ቀድሜ አሳወቅሁ። ከሠላሳው ቀን ሃያ ስምንቱን ሌላ ዴድላይን ላይ አሠሩኝ፤ ለርክክብ የቀሩት ሁለት ከሰዓት በኋላዎች ናቸው። የተረከበችኝ ገና በዓመቷ የተመረቀች ጎበዝ ልጅ ነበረች። ፈጥኜ እየተናገርኩ፣ ፈጥና እየጻፈች፣ በአራት ሰዓት ውስጥ የአራት ዓመት ሥራ አስረከብኳት። «ገባሽ?» ስላት «ገባኝ» አለችኝ። እንዳልገባት አውቃለሁ። እንዳወቅሁም ታውቃለች።

መጀመሪያ ሰሞን ማታ ማታ ሦስት ሰዓት አካባቢ ትደውልልኝ ነበር። «ይቅርታ፣ ረበሽኩህ አይደል? አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅህ።» እመልስላታለሁ። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። ከዚያ አዲሱ ሥራዬ ከበደኝ። አንድ ማታ ስሟን ስክሪኑ ላይ እያየሁ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ድጋሚ አልደወለችም።

«ሰው ሞልቷል» ሲባል ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ያን ማታ አየሁ። የሚሄደው አይደለም፤ እኔ ደመወዜ ጨምሯል። ሥራ አስኪያጁም አይደሉም፤ እሳቸው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ተኝተዋል። የምትከፍለው የቀረችው ልጅ ናት። የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ሰው ደመወዝ ትሠራለች፤ ያልጻፈችውን ስህተት «ለምን?» ተብላ ትጠየቃለች። ከእሷ ቀጥላ ደግሞ ጉሊት ያሉት እናት። እሷም ዓመት ሳይሞላት እንደለቀቀች ሰማሁ። ማን ይፈርድባታል?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህችን ለሙያ ባልደረቦቼ። ስንቶቻችን ነን እውቀታችንን ሆን ብለን ሳንጽፍ የምንቀር? «እኔ ብቻ ካወቅሁት አያባርሩኝም» የምንል? ይህ «ሰው ሞልቷል» የሚለው አለቃ መንታ ወንድም ነው። እሱ ሰውን ይንቃል፣ እኛ የሚቀረውን ሰው እንበድላለን። ከ35 ጎን አንድ መስመር ማብራሪያ መጻፍ አሥር ሰከንድ ይፈጃል። እኔም አልጻፍኩም።

መፍትሔው የሮኬት ሳይንስ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ለአዲስ ሰው ልትከፍሉ የተዘጋጃችሁትን ገንዘብ መጀመሪያ ለነባሩ ስጡት። ሰው ደብዳቤ ካስገባ በኋላ ሳይሆን ሳያስገባ «ምን ቸገረህ?» በሉት፤ መልሱን ሰምታችሁም አንድ ነገር አድርጉ። ለአንድ ሥራ ሁለት የሚያውቁ ሰዎች ይኑሩ። ርክክብ ከተቀጠረበት ቀን ይጀመር፤ 30 ቀኑም የርክክብ ይሁን እንጂ የሌላ ዴድላይን አይሁን። ክሊራንሱ ላይ አሥረኛ መስመር ጨምሩ። ሰው በለቀቀ ቁጥር ደግሞ አንድ ገጽ ሂሳብ ይሠራና፣ ጭማሪውን የከለከለው ሰው ይፈርምበት።

በዚያ ዕንቁጣጣሽ ቅጣቶቹን አንድ በአንድ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። መስመሯን ግን አላስተካከልኳትም። ሌላ ዴድላይን ነበረብኝ፤ «በኋላ» አልኩ። ከዚያ ለቀቅሁ። በዚያች የሁለት ቀን ርክክብም አላነሣኋትም።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ትዝ አለችኝና ለቀድሞው ቢሮዬ ኢሜይል ጻፍኩ። የላክሁላት ለዚያችው ልጅ አድራሻ ነበር፤ ተመልሶ መጣ፣ አድራሻው ተዘግቷል። ለሥራ አስኪያጁ ደወልኩላቸው። በደንብ አናገሩኝ፣ ስለ ጤንነቴ ጠየቁኝ። ስለ 35 ነገርኳቸው። ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ቅዳሜ እንደምትውል፣ ከዚያ በፊት መስተካከል እንዳለባት ነገርኳቸው።

«አመሰግናለሁ፣ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ» አሉኝ።

የትኞቹ ልጆች እንደሆኑ አልጠየቅኋቸውም። የማውቀው አንድም አልቀረም።